ዘሩ ሳይረግፍ አይታጨድም

አክስቴ ጡረታ እስክትወጣ የከተማ አውቶቡስ ነድታለች። ተሳፋሪ ሲያመናጭቃት መሀል መንገድ ላይ አቁማ «ይቅርታ ካልጠየቅህ አንሄድም» የምትል ሴት ናት፤ «ፍሬን» ያሏት ለዚህ ነው። ከጡረታ በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ከከተማው ዳር ያለውን ጥብቅ ቦታ እንድትጠብቅ ቀጠራት፤ አንድ የአበባ መስክና ከጀርባው ያረጁ የኦክ ዛፎች። በሩ አጠገብ ያለችውን ባለ አንድ ክፍል ቤትም ሰጣት። እኛ ቤተሰቦቿ «ተመስገን፣ አሁን እንኳ ታርፋለች» አልን። ሞኞች!

መስኩ በዓመት አንዴ ይታጨዳል፤ አለዚያ ሳሩ አበባውን ይውጠዋል። የሚታጨደው ግን አበባው ደርቆ ዘሩ መሬት ላይ ከረገፈ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከተነካ ለከርሞ የሚበቅል አበባ የለም።

ባለፈው ዓመት መስኩን የሚጎበኙ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና የማዘጋጃ ቤቱ የመናፈሻ ክፍል ኃላፊ «መስኩ ተጎሳቁሏል» ብሎ ትራክተር አስከትሎ ከተፍ አለ። እውነትም አያምርም ነበር፤ ሁሉም ደርቆ ቡናማ ሆኗል። ዘሩ ግን ገና አልወረደም። አክስቴ የወጥ ቤት ወንበሯን አምጥታ ትራክተሩ ፊት ቁጭ አለች። ምሳ ይዤላት ሄጄ ስለነበር ሁሉንም በዓይኔ አይቻለሁ።

«እማማ፣ ይነሱ እንጂ! ሳር እኮ ነው!» አላት ኃላፊው።

«ሳር ከሆነ ምን አስቸኮለህ?»

«እንግዶቹ ነገ ናቸው!»

«ታዲያ ቤትህ ወስደህ አስተናግዳቸዋ!»

የትራክተሩ ሹፌር ሳቁን ዋጠ። ኃላፊው ደሙ ፈላ።

«እንግዲያው ከሥራውም ከቤቱም ተሰናብተዋል!»

ክው አልኩ። ሌላ መጠለያ የላትም። «አክስቴ፣ ተይ በእናትሽ» ብዬ ለመንኳት፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ከሽርጧ ኪስ ቁልፉን አውጥታ እግሩ ሥር ወረወረችለት።

«ቤቱን ውሰድ። ከዚህ ግን ንቅንቅ አልልም!»

ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ። «እኔ ሰው ላይ አልነዳም፣ ጌታዬ» ብሎ ወረደ። ኃላፊው ቁልፉን አንስቶ እያጉረመረመ ሄደ።

አክስቴ እኔ ሳሎን ገባች። ሶፋዬን ወረሰች፣ ሬዲዮኔን ወረሰች፣ ባሌን እንደ ተሳፋሪ ታዘው ጀመር። ተናድጄባታለሁ፤ ኮርቼባታለሁም። ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይቀጥራት ወንበሯን በብብቷ ይዛ ወደ መስኩ ትሄዳለች። እንግዶቹም ቡናማውን መስክ አይተው ሄዱ፤ ሰማይ አልተደፋም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቧራዋን እንደለበሰች መጥታ ስልኬን ተቀበለችኝና ማዘጋጃ ቤት ደወለች።

«ዘሩ ረግፏል» አለችው ኃላፊውን። «አሁን ትራክተርህን ላክ። ደግሞ እንዳትዘገይ፤ ሳሩ አበባዬን ይውጥብኛል!»