የደቻቱ ዳር ቤትና የልጄ ትንፋሽ

በሳል ጀመረ። ደረቅ ሳል፣ ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ። ልጄ ሰሚራ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ደቻቱ ወንዝ ዳር ያለውን ቤት ገዝተን ከገባን ገና ብዙ አልቆየንም ነበር። አቧራ ነው አልኩ። ድሬ ላይ ሳል ሁሉ በአቧራ ይሳበባል።

ቤቱ ጎርፍ እንደገባበት እናውቃለን። ሻጩም አልደበቀንም። "ገባ፣ ወጣ፣ ደረቀ፣ በቃ" አለን። ምድር ቤቱን ኖራ አስቀብቶ ወተት አስመስሎታል። ስንወርድ ቅዝቃዜው ተቀበለን። ባለቤቴ ከድር ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰና "አቦ፣ በዚህ ሙቀት እንዲህ ያለ ክፍል ከየት ይገኛል?" አለ። ለዚያች ክፍል ስንል ገዛነው ብል አልዋሸሁም። ድሬ ላይ ቀዝቃዛ ክፍል ያለው ሰው ዘመድ ይበዛለታል፤ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ትራሱን ይዞ እኛ ጋ ይመጣ ጀመር። ይሄ ክፍል ለምን ቀዘቀዘ ብሎ የጠየቀ ግን አንድም የለም፤ እኔንም ጨምሮ።

ሳሉ ሲበረታባት "ሙቀት ነው የጎዳት፣ ታች አስተኚያት" አሉኝ። አስተኛኋት። ባሰባት። ማርና ጥቁር አዝሙድ ሰጥቼ መልሼ ታች አስተኛኋት። ሳቢያን ሰፈር፣ እህቴ ቤት ስትሰነብት ይሻላታል፤ ስትመለስ ያገረሽባታል። ከድር "እዚያ ስለምትጫወት ነው" ይላል። ሰው ዓይኑ እያየ ይታወራል እኮ።

አንድ ቀን ከሰዓት መናገር አቃታት። ደረቷ ያፏጫል። የጎድኗ ቆዳ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ከንፈሯ ጠቆረ። ከድር አቅፏት ሮጠ። ባጃጅ ይዘን ወደ ሆስፒታል በረርን። ልጄ ልትሞትብኝ ነው አልኩ።

ሆስፒታል ኦክስጅን ሰጧት፤ በኔቡላይዘር መድኃኒት አስተነፈሷት። ስትረጋጋ ሐኪሟ "አስም ነው። የምትተኛበት ክፍል እርጥበት አለው?" አለችኝ።

"ኧረ፣ አዲስ ኖራ የተቀባ ነው።"

"ኖራውን ፋቅ አድርገው ይዩት። ሻጋታ ካለ፣ እዚያው እየተኛች መድኃኒት ብቻውን አያድናትም።"

ከድር በቢላ ፋቀው። ከስሩ ጥቁር ነው። ጎርፉ እስከደረሰበት፣ እስከ ደረቴ ድረስ፣ ጥቁር። እሱ መፋቁን ቀጠለ። እኔ ግን ለሻጩም፣ ትራስ ተሸክሞ ለሚመጣው ዘመድም፣ ለራሴም የሚገባውን ተናገርኩ። ከዚያ ደግሞ መካሪው በዛ፤ አንዷ ጎረቤቴማ "ደግመሽ ኖራ ቀቢው" አለችኝ። ኖራ!

እኛ ግን ልጅቷን እህቴ ጋ አስቀምጠን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ የረጠበውን ልስን እስከ ድንጋዩ አስፈነቀልን፤ ውሃው የሚሰርግበትን ቦታ አስደፍነን፣ መተንፈሻ መስኮት አስከፍተን፣ ክፍሉን ባዶውን ለወራት አደረቅነው። ሰሚራ ኢንሄለሯን ስፔሰር በሚባለው የፕላስቲክ ዕቃ ጠዋትና ማታ እየሳበች፣ ቀስ በቀስ ከእኩዮቿ ጋር መሮጥ ጀመረች፤ አልሃምዱሊላህ። ያቺን ሐኪም አላህ ዕድሜ ይስጣት፤ ስለ ልጄ ብቻ ሳይሆን ስለ ቤቴም ጠየቀችኝ።

ጎርፍ የነካው ቤት የምትገዙ ሰዎች፣ አዲስ ኖራ ስታዩ አትደሰቱ፤ ፋቁት። ቅዝቃዜውንም አትመኑት። ልጃችሁ ከቤት ስትርቅ የሚሻላት ከሆነ፣ ነገሩን ለሐኪም ንገሩ።

ሰሚራ አሁን ላይኛው ክፍል ነው የምትተኛው። "እማ ሞቀኝ፣ እማ ታች ልውረድ፣ እማ ቬንትሌተሩን አዙሪልኝ" እያለች ሳታቋርጥ ትነጫነጫለች። ያን ቀን "እማ" ማለት አቅቷት ነበር። ትነጫነጭ።