«ጸረ-ቫይረሱን ያጥፉልኝ» ያለው ኢንጂነር

ካምፓላ፣ ንቲንዳ ሰፈር በሚገኘው የትርጉም ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ ጌታሁን አንድ ኮምፒውተርና አንድ መዝገበ ቃላት አስረከቡኝ። «የምንተረጉመው የስደተኛ ቃል ነው፤ ከዚህ ክፍል አይወጣም» አሉኝ። ለዘጠኝ ዓመት አልወጣም።

ኮሮና መጥቶ ከተማው ሲዘጋ ግን ወጣ። ቦዳ የሚባሉት የሞተር ታክሲዎች ሰው እንዳይጭኑ ስለተከለከሉ ኮምፒውተሩ በሞተር ቤቴ ደረሰ፤ እኔ በእግሬ ተከተልኩ። እገዳው ሲላላም ቢሮው አልተከፈተም። ባለጉዳዮች ወረቀታቸውን ከየፎቶኮፒ ቤቱ በፍላሽ ያመጡልኝ ጀመር። የፎቶኮፒ ቤት ፍላሽ ደግሞ ያልተሰካበት ኮምፒውተር የለም።

አቶ ጌታሁን «መከላከያ ይጫንበት» ብለው የሚስታቸውን ወንድም ሰለሞንን ላኩ። አንድ ጊዜ የቆመ ፕሪንተር ስላስነሳ ቤተሰቡ «ኢንጂነሩ» ይለዋል።

«የትኛውን ጸረ-ቫይረስ ልትጭን ነው?» አልኩት።

«ትልቁን፣ እማማ። ሰው በየዓመቱ የሚከፍልበትን። ለእርስዎ በነጻ።»

«እንዴት በነጻ ሆነ?»

«የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ ነው። መጀመሪያ ግን እዚህ ያለውን ጸረ-ቫይረስ ያጥፉልኝ። ከኢንተርኔት የሚገባውን የሚያግደውን ፋየርዎሉንም።»

«ለምን?»

«የእኔን ቫይረስ ነው ይለዋል። ቅናት ነው።»

«ዘበኛዬ ሌባ ያለውን ሰው ዘበኛ አድርጌ ልቅጠር?»

«እማማ፣ ይሄ ቴክኖሎጂ ነው።»

ኮምፒውተሩ ውስጥ የባለጉዳዬ የሰናይት ቃል ነበር፤ ሰኞ ከጥገኝነት ማመልከቻዋ ጋር የሚገባ። ከአገር ያስወጣት ወንድሟ ስምና አድራሻ ተጽፎበታል። ወንድሟ ገና አገር ቤት ነው። ያ ጽሑፍ የማይሆን እጅ ቢገባ የሚታሰረው እሱ ነው።

ሰለሞን ከአለቃዬ ጋር በስልክ አገናኘኝ። «ወይዘሮ አልማዝ፣ የእኔንም የጫነው እሱ ነው። ያውቅበታል» አሉኝ።

«እንግዲያው የሰናይትን ቃል ለማኅተም በኢሜይል አልልክልዎትም። አትሜ አመጣለሁ» አልኳቸው።

ስልኩን ዘጉት። ሰለሞን «የድሮ ሰው» ብሎኝ ሄደ።

የነበረውን ጸረ-ቫይረስ አደስኩ። ፋየርዎሉ እንደበራ አረጋገጥኩ። አንድም ፍላሽ ሳይፈተሽ አልከፈትኩም። ቅዳሜ የሰናይትን ቃል አሥራ ሁለት ገጽ አትሜ ይዤ አለቃዬ ቤት በእግሬ ሄድኩ። ማኅተም መቱበት። ሰኞ ሰናይት አስገባች።

በሳምንቱ አለቃዬ ደወሉልኝ። ኮምፒውተራቸው ውስጥ ያለው ፋይል ሁሉ ተቆልፎ አንዱም አልከፈት ብሏቸዋል።

«ሰለሞን ምን አለ?»

«ኔትወርኩ ነው ይላል። የሰናይትስ?»

«እርስዎ ጋ አልገባም።»

ለቤት ኮምፒውተር አብሮት የመጣው ጸረ-ቫይረስ ይበቃል፤ በየጊዜው ይታደስ። ፋየርዎሉ አይጥፋ። ሌላ የሚፈልግ ሰው አንድ ብቻ ይምረጥና ከሠሪው ድረ ገጽ ያውርድ። በዘመድ አያስጭን።