ገላጋዩ ሸፊ

ዊንጌት፣ ከታክሲ መያዣው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ሸፊ የሚባል የፎቶኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴ አለ። ኮፒ ያነሳል፣ ማመልከቻ ይጽፋል፣ ደብተርና እስክሪብቶ ይሸጣል። ተማሪዎች ሲለቀቁ ሱቁ ጢም ይላል፣ እነሱ ሲበተኑ ጭር ይላል። ጭር ባለ ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ የሚያዩት ጎረቤቶቹ ሥራ የበዛበት ይመስላቸዋል። ሥራ እንኳ አልበዛበትም። ሸፊ በዚያ ሰዓት ሰው ነው የሚገላግለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኢንተርኔት ላይ ማንም ገብቶ የሚጽፍበት፣ ማንም የሚያርመው የአማርኛ መዝገበ ዕውቀት አለ። ጸሐፊዎቹ ሁሉ በነፃ ነው የሚሠሩት። ሸፊ የገባበት ገና ጢሙ ሳይሸብት ነው። አንዲት ተማሪ ስለ ወባ የተጻፈ ነገር አትምልኝ አለችው፤ ቢፈልግ ሁለት መስመር ብቻ አገኘ፣ አንደኛው መስመር ደግሞ ስሕተት ነበር። «አርም» የሚል ነገር አየና ነካው። እውነትም ታረመ። በዚያው ቀረ። ስለ ወይራ ጻፈ፣ ስለ ወንዞች ጻፈ፣ የሌሎችን ፊደል አቃና። ውሎ አድሮ ጸሐፊዎቹ መጋቢ አድርገው መረጡት። መጋቢ ስድብ ይሰርዛል፣ ጠብ የተነሳበትን ገጽ ይቆልፋል፣ አልሰማ ያለውን ያግዳል። ሌሎችም መጋቢዎች ነበሩ። አንዱ ልጅ ወለደ፣ አንዱ ሥራ ቀየረ፣ አንዷ ምንም ሳትል ጠፋች። ሸፊ ቀረ።

«ቆይ ግን፣ ለዚህ ነገር ማን ቀጠረህ?» ትለዋለች ሚስቱ ጀዊሪያ፣ እራት ላይ ስልኩን ሲጎረጉር።

«ማንም።»

«እንግዲያ ማን ያሰናብትልኝ?»

እውነቱን ለመናገር ከሰለቸው ቆይቷል። ጠቦቹ ይመሳሰላሉ፦ የማን ንጉሥ፣ የማን ወንዝ፣ የማን ምግብ። የፈረደለት አያመሰግነውም፤ የፈረደበት ደግሞ አይረሳውም።

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ስለሚጥል በሽታ በተጻፈው ገጽ ጠብ ተነሳ። ገጹን የጻፈችው ርሆቦት ናት፣ ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት። ጥሩ አድርጋ ጽፋዋለች፣ የሕክምና መጻሕፍትም ጠቅሳለች። ከመስመሮቹ አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ብዙ ቤተሰቦች ባለማወቅ ሕመምተኛውን ወደ ጠበል ይወስዳሉ።» ራሱን «የሸጎሌው» ብሎ የሰየመ ጸሐፊ ይህን አጠፋና «በጠበል የዳኑ ብዙ ናቸው» ብሎ ተካው። ርሆቦት ወደነበረበት መለሰችው። ሰውየውም መለሰ። ሲመላለሱ ዋሉ።

ከገጹ ጀርባ ባለው የውይይት ቦታ ላይ ደግሞ እንዲህ ይባባሉ ነበር፦

«ነጭ ጋውን ስለለበስሽ ሕዝብ አትስደቢ።»

«ምንጭ አምጣ።»

«ምንጩማ እንጦጦ ነው፣ ውጪና ተጠመቂበት።»

«እየቀለድኩ አይደለም። የጻፍከውን ከየት አመጣኸው?»

«ከልጄ። ምንጬ ልጄ ናት።»

«ልጅ ምንጭ አይሆንም።»

ሸፊ ገጹን ቆለፈው። ደንቡ በተገኘበት ሁኔታ መቆለፍ ነው፤ እሱ ሲደርስ ደግሞ ገጹ ላይ የነበረው የርሆቦት ጽሑፍ ነበር። የሸጎሌው ወዲያው ጻፈለት፦ «ስምህ ሸፊ ነው አይደል? የጠበል ነገር ለአንተ ምንህ ነው? የራስህን ሃይማኖት ጠብቅ።»

ሸፊ ይህን ያነበበው አንዲት እናት የልደት ካርድ ኮፒ እንዲያነሳላት ስትጠብቅ ነው። ወረቀቱን ገልብጦ አስገባውና ባዶ ኮፒ ወጣ፤ እንደገና አነሳ። ሴትዮዋ ስትሄድ ተመልሶ ተቀመጠ። ልጅ ሳለ፣ የጎረቤታቸውን የእማማ ታየችን የጠበል ጀሪካን ከታክሲ እያወረደ በትከሻው ቤት ያደርስ ነበር። እናቱም አንድ ቀን ተው ብላው አታውቅም። ይህን ለሰውየው ሊጽፍለት ጀመረና አጠፋው። ማገድ ይችል ነበር፤ አንድ ቁልፍ መንካት ብቻ ነው።

በዚያው ሰዓት ከርሆቦት መልእክት ገባ፦ «ጋሽ ሸፊ፣ ለምን አያግዱትም? ፈርተውት ነው?»

ኮምፒውተሩን ትቶ በሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። ዝናብ ሊጥል ነበር፣ የታክሲ ረዳቶቹ «ጳውሎስ! ጳውሎስ!» እያሉ ይጮኻሉ። ሁለቱንም ማገድ አማረው፣ ራሱንም ጨምሮ። ሲመለስ ግን ለሁለቱም ስልክ ቁጥሩን ላከና «እዚህ ላይ መጻጻፉ ይብቃን፣ እንነጋገር» አላቸው።

ቀድሞ የደወለው ሰውየው ነው።

«ሸፊ የምትባለው አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«ተክለሃይማኖት እባላለሁ፣ ሸጎሌ ከብት ተራው አጠገብ መኖ ነው የምሸጠው። እ... ማለቴ፣ ያን የጻፍኩትን ተናድጄ ነው።»

«ይሁን።»

«አይሁን እንጂ። ነውር ነው የጻፍኩት። ሐሙስ ልጄን ለቀጠሮ ጳውሎስ አመጣታለሁ። ያቺ ፋርማሲስቷ እዚያው አይደል የምትሠራው? እስቲ ፊት ለፊት ታናግረኝ።»

«የምን ቀጠሮ?»

«የመድኃኒቷ ነዋ።»

ሸፊ ስልኩን ከዘጋ በኋላም ይህችን መልስ ሲያወጣትና ሲያወርዳት ቆየ። ሁሉም መድኃኒት የሚከለክል ሰው መስሏቸው ነበር፤ እሱም ጭምር።

ሐሙስ ከሆስፒታሉ ማዶ ያለች ካፌ ውስጥ ተገናኙ። ርሆቦት ከሠላሳ ብዙም ያላለፈች፣ ዓይኖቿ ሥር የጠቆረ፣ ከምሳ ሰዓቷ ቆርሳ የመጣች ሴት ናት። ተክለሃይማኖት ጃኬቱ ላይ ጭድ የተሰካበት ግዙፍ ሰው ነው፤ ልጁን ሊድያን ከእናቷ ጋር ወረፋ ላይ ትቷት ነው የመጣው። ማኪያቶ አዘዙና ማንም ሳይነካው ቆየ።

«መድኃኒቷን አንድ ቀን አላቋረጥንም» አለ ተክለሃይማኖት። «ጠበልም እንወስዳታለን። ስለ በሽታዋ በስልኳ ስታነብ ያንቺን ጽሑፍ አገኘችው። ‹አባዬ፣ እኛ መሃይም ነን እንዴ?› አለችኝ። ምን ልበላት?»

ርሆቦት ማንኪያዋን ሰሃኑ ላይ አስቀመጠች።

«ኖህ የሚባል ታናሽ ወንድም ነበረኝ» አለች። «እሱንም ይጥለው ነበር። ጠበል ሄዶ ሳለ እዚያ የሚያስተናብር ሰው ‹እምነት ካለህ ክኒን ምን ይሠራልሃል?› አለው። ተወው። ብዙም ሳይቆይ ጣለው፤ የጣለው ውኃ ውስጥ ነበር። እናቴ አጠገቡ አልነበረችም።»

ካፌው ውስጥ የመድኃኒት ፌስታል የያዙ ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ተክለሃይማኖት ኮፍያውን አወለቀ።

«ነፍስ ይማር» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኛዋን የሚያጠምቋት አባት ‹ክኒኗን ሳትውጥ እንዳትመጣ› ነው የሚሉት።»

«ኖህ እሳቸው ጋ ሄዶ ቢሆን...» አለችና ተወችው።

ሸፊ ለዚህ ቀን ያሰበው ንግግር ነበረው፣ ስለ ደንብና ስለ መከባበር። አንዱንም አልተናገረም። ሲያዩት የሚያስታርቅ ሳይሆን ለቅሶ የመጣ ሰው ይመስል ነበር። ማኪያቶው ሲቀዘቅዝ፣ «እንጻፈው እንግዲህ» አለ። «ሁለታችሁ አሁን ያላችሁትን። ምንጭ ግን ያስፈልገናል።»

«አሁንም ምንጭ!» አለ ተክለሃይማኖት፣ ርሆቦትም ሳታስበው ሳቀች።

ተመራማሪዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ያሳተሙት ጥናት እንዳለ ታውቅ ነበር፤ በስልኳ አወጣችው። ከዚያ በየቃሉ ተከራከሩ። «ባለማወቅ» የሚለው ወጣ። «ከሕክምናው ጎን ለጎን» የሚለው ገባ፣ ይህን ያለው ተክለሃይማኖት ነው። መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ ለሕይወት አደገኛ መሆኑን ርሆቦት ከፍ ብሎ እንዲጻፍ ፈለገች፤ እሱም «ከፍ አድርጊው፣ በደንብ ይታይ» አለ። «በጠበል የዳኑ ብዙ ናቸው» በሚለው ላይ ግን አልተስማሙም። እሱ ይግባ አለ፣ እሷ በፍጹም አለች። ስልኩ ጠራ፣ የሊድያ ተራ ደርሶ ነበር። ተነሳና ቆሞ አሰበ።

«እሺ፣ እሱን እግዜር ይጻፈው» ብሎ ሄደ።

ሸፊ በእግሩ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ራሱን ያመዋል። ገጹን ከፈተው፣ አዲሱን ጽሑፍ አስገባ፣ ከታች የሦስቱንም ስምምነት ጻፈ። ማታ ለጀዊሪያ ነገራት።

«ታዲያ ደስ አላለህም?» አለችው።

«ብሎኛል መሰለኝ። ደክሞኝ አልለየሁትም።»

በሳምንቱ ከመጋቢነት ልውረድ ብሎ ጻፈ። ብዙ ምስጋና መጣለት፣ ሥራውን እኔ ልያዝ ያለ ግን አልተገኘም። በመጨረሻ ለርሆቦት ደወለላት።

«ጋሽ ሸፊ፣ እኔ እኮ ቁጡ ነኝ» አለችው።

«አውቃለሁ። እኔም ቁጡ ነበርኩ፣ ድካሙ ነው ያበረደኝ።»

በግድ እሺ አለች። ድምፅ ተሰጠና ተመረጠች። ሸፊ አሁን ተራ ጸሐፊ ነው፤ ሲፈልግ ስለ ዛፍ ይጽፋል፣ ሳይፈልግ ይተዋል። መጀመሪያ ላይ እጁ ሳያዘው ወደ ጠቦቹ ይሄድበት ነበር።

በቅርቡ አንድ አዲስ ሰው መጣና በዚያ ገጽ ላይ «ጠበል» የሚለውን ሁሉ «ጸበል» አደረገው። ተክለሃይማኖት ትክክል ነው አለ። ርሆቦት ልክ አይደለም ብላ መለሰችው። የግዕዙ ሥር ተጠቀሰ፣ መዝገበ ቃላት ተጠቀሰ፣ የውይይቱ ገጽ ረዘመ። «እህቴ፣ እዚህ ላይ ተሳስተሻል» ይላል እሱ። «ጋሽ ተክሌ፣ ምንጭ ያምጡ» ትላለች እሷ። ሸፊ ግማሹን አነበበና የጠሩት ሰዎች እንዳሉ አየ፦ «ጋሽ ሸፊ ምን ይላሉ?»

ኮምፒውተሩን አጠፋ፣ የሱቁን መዝጊያ አወረደ፣ ገና ሳይመሽ ቤቱ ገባ። ጀዊሪያ ምን ሆነህ ነው ብላ ግንባሩን ዳሰሰችው። ትኩሳት አልነበረውም። እራቱን በላና እንቅልፉን ለጠጠ።