ቁልቁለት ስፈልግ የከረምኩበት ዓመት

አዳማ ውስጥ ዘቅዘቅ ያለ መንገድ ከፈለጋችሁ እኔን ጠይቁኝ። መኪናዬ በቁልፍ አልነሳም ካለች ወዲህ አንድ ዓመት ሙሉ ቁልቁለት ላይ እያቆምኩ፣ ቁልቁል እየለቀቅኩ፣ በማርሽ እያስነሳኋት ነው የኖርኩት። ዘመድ የምንጠይቀው እንኳ ደጁ ታይቶ ነበር። ቁልፉን ሳዞር «ቀጭ» ትልና ጸጥ! «ባትሪ ነው» ብዬ አዲስ ገዛሁላት። ያው ቀጭ።

ሚስቴ ገና ያኔ ነግራኛለች። «መብራቱ እኮ አይደክምም። ባትሪ ቢሆን ቁልፉን ስታዞር ይደበዝዝ ነበር። ሞተሪኖዋ ናት፣ ሞተሩን የምታስነሳው ትንሿ ሞተር» አለችኝ። ቴክኒክ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ጥገና ተምራለች። ልጅ ስንወልድ «ቤት ሁኚ» ያልኳት እኔው ነኝ፣ ይኸው ስድስት ዓመት። ግን ወንድ አይደለሁ! «አንቺ ደግሞ ስለ መኪና ምን ታውቂና!» ብዬ ጮህኩባት። ትታኝ ወደ ማጀት ገባች።

ከዚያ ወለንጪቲ አጠገብ ያለ አንድ የመስኖ እርሻ የውሃ ፓምፕ ጠጋኝ ፈልጎ ለፈተና ጠራት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ። ሌሊቱን ሙሉ የድሮ ደብተሯን ስታገላብጥ ነው ያደረችው። «እኔ አደርስሻለሁ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ጠዋት ስንወጣ፣ ቤት የሚሠራው ጎረቤታችን አንድ ገልባጭ አሸዋ መኪናዬ ፊት አስደፍቷል። ከኋላዬ ዳገት፣ ከፊቴ አሸዋ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! ጎረቤቴን ሰደብኩ፣ ጎማውን በእርግጫ መታሁ። ሁለት ሰዓት አልፏል፤ መናኸሪያ ሄዳ ሚኒባስ እስኪሞላ ብትጠብቅ አትደርስም።

እሷ የተተኮሰ ሸሚዟን እጅጌ ጠቀለለች።

«የጎማ መፍቻውን ስጠኝ። ግባና ቁልፉን ያዝ።»

ኮፈኑን ከፍታ ጎንበስ አለች። ሞተሪኖዋን ቀስ አድርጋ ኳ፣ ኳ አደረገቻት። «አሁን!» አለች። አዞርኩ። ተነሳች! ኧረ በስመ አብ፣ ዓመት ሙሉ ያንከራተተችኝ መኪና በሁለት ምት ተነሳች። በኋላ ማርሽ ዳገቱን ወጥተን በረርን።

መንገዱን ሙሉ እጇን በሶፍት ብትጠርግ ቅባቱ አልለቅ አላት።

«በዚህ እጅ ሊያዩሽ ነው» አልኳት።

«ይዩት» አለች።

እርሻው በር ላይ ሞተሩን ሳላጠፋ ጠበቅኳት። ብትወድቅ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አውቃለሁ። ስትወጣ እየሮጠች ነበር።

«ሰኞ ጀምሪ አሉኝ!»

አቀፍኳት። እንባዬ መጣ፣ ለምን እዋሻለሁ።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ስለ ሞተሪኖዋ?»

«ስለ ስድስቱ ዓመት።»

«እሺ» አለች። «ሰኞ ግን በሚኒባስ ነው የምሄደው።»