በጥርስ የተመዘነ ዕቃ

ሰአዳ፣ አብነት ሰፈር መታጠፊያው ላይ፣ የቧንቧና የጋዝ መግጠሚያ ትሸጣለች። ዕቃ የምትመርጠው በእጇ መዝና ነው፤ ከከበደ ኦሪጅናል፣ ከቀለለ ፎርጅድ።

ታናሽ ወንድሟ ኢርፋን ዝዋይ ሐይቅ እየጠለቀ የውሃ መሳቢያ ቱቦ የሚዘጋውን አረም ያጸዳል። በቅርቡ፣ ሥራ ላይ ረጅም ሰዓት ቆይቶ መንጋጋው ሲዝል፣ የሚተነፍስበት ሬጉሌተር ከአፉ አመለጠው። ውሃ ጠጥቶ በጭንቅ ወጣ። አሁን ሌላ ሊገዛ ሁለት ናሙና ይዞ መጥቷል። ከአየር ጋኑ ጋር የሚታሰረው ክፍል የሁለቱም ነሐስ ነው፤ አፍ ውስጥ የሚገባው ግን የአንዱ ብረት፣ የሌላው ፕላስቲክ።

ሰአዳ ሁለቱን መዘነች።

"ብረቱን ነዋ! ፕላስቲክ ለባልዲም አልሆነ።"

"ባልዲ በጥርስ አይያዝም። እስቲ ነክሰሽ ያዢው።"

እልኸኛ ናት፤ ብረቱን ነክሳ ሥራዋን ቀጠለች። ደንበኛዋ ይመር፣ የቧንቧ ሠራተኛው፣ ሲያያት ጊዜ፣ "እትዬ ሰአዳ፣ ዛሬ እንኳ ሳይከራከሩኝ ልገዛ ነው!" አለ።

በጣቷ ዋጋ እያሳየች ብዙ ሸጠች። በመጨረሻ መንጋጋዋ ተንቀጠቀጠና ብረቱ ባንኮኒው ላይ ጓ ብሎ ወደቀ። ኢርፋን ፕላስቲኩን አቀበላት።

ጉንጯን እያሸች ፕላስቲኩን ነከሰች። ከሰዓት በኋላ የአስር ሰላት አዛን ሲሰማ አወጣችው፤ አልከበዳትም።

"ይኼን ውሰድ" አለችው። ከመስጠቷ በፊት ግን የነሐሱን ክፍል ፈታ በእጇ መዘነች።

"ይኼኛውስ ይክበድ!"