ጥቁር ቀሚስ ለሽርሽር

እናቴ ከእኔ ጋር ወደ ጭላሎ ለመውጣት እሺ ያለችው፣ ሰው ሞቶባት መርዶ ልነግራት የምወስዳት መስሏት ነው። ይህን ያወቅሁት ተራራው ላይ ከደረስን በኋላ ነበር። እስከዚያ ድረስ በዝግጅቴ ስኮራ፣ ሰው በማሳመን እኔን የሚያህል የለም ስል ነው የሰነበትኩት።

ነገሩ በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። አሰላ አስተማሪ ሆኜ ከተቀጠርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። እናቴ ገበያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረቻት፤ ጨው፣ ክብሪት፣ ላምባ፣ ስኳር፣ አቡጀዲ ትሸጣለች። አባቴ ከሞተ ወዲህ ከትልልቅ በዓላት በቀር ያንን ሱቅ ዘግታው አታውቅም። አገሯ ጉራጌ ነው። የአገሯ ሰው ሁሉ ለመስቀል ስጦታውን ጭኖ ወደ ትውልድ ቀዬው ሲጎርፍ፣ እሷ ሱቋ በር ላይ ቆማ ለታናሽ ወንድሟ መልእክት ትልካለች። ከበዓሉ በኋላ ሲመለሱ ደግሞ የእሱን መልእክት ትቀበላለች። እህትና ወንድም ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲህ በሰው አፍ ሲነጋገሩ ኖሩ።

እኔ ሽርሽር የሚባለውን ነገር የለመድኩት አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለሁ ነው። አንዲት የውጭ አገር መምህርታችን ክረምቱ ሲወጣ ዳቦና ብርቱካን አስይዘው እንጦጦ ያወጡን ነበር። ለምን እንደምንወጣ ስንጠይቃቸው «ለማየት» ይሉናል። ምን ለማየት? እንዲሁ ለማየት። መጀመሪያ ሳቅንባቸው፤ ኋላ ግን ለእኔ ሱስ ሆነብኝ። አሰላ ከገባሁ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጭላሎን ቀና ብዬ ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነሳ ነበር።

አንድ ቀን ገብስና ቅቤ የሚያመጡልን የአርሲ ሽማግሌ ሱቃችን በር ላይ አረፍ ብለው ሲጫወቱ፣ ቤታቸው ጭላሎ ትከሻ ላይ መሆኑን ነገሩኝ። ሰማዩ ሲጠራ ከደጃቸው ዝዋይ ሐይቅ ይታያል አሉ፤ ከሐይቁ ማዶ ደግሞ የጉራጌ ተራሮች። ሐሳቡ የመጣልኝ ያኔ ነው። እናቴን ወስጄ አገሯን አሳያታለሁ። ወንድሟን ላመጣላት ባልችል እንኳ ያለበትን ተራራ በዓይኗ ታያለች። ከዚያ ወዲህ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

ችግሩ፣ በእኛ ዘንድ ሰው እንዲሁ ከቤቱ አይወጣም። ለለቅሶ ይወጣል፤ ለሰርግ ይወጣል፤ ለጸበል፣ አራስ ለመጠየቅ፣ ለገበያ ይወጣል። ተራራ ልይ ብሎ ሱቁን ጥሎ የሄደ ነጋዴ ቢገኝ፣ ዘመዶቹ እሱኑ ጸበል ይወስዱታል። ስለዚህ ለእናቴ በቀጥታ ከመንገር ይልቅ አስቀድሜ እምቢ የምትልበትን ሰበብ ሁሉ ላሳጣት አልኩ። ጥፋቴም ይኸው ነው።

ደብተር አወጣሁና ቀኑን ቆረጥኩ፤ ከመስቀል በኋላ ያለው ቅዳሜና እሑድ። ከዚያ በፊት ጭቃው አያስወጣም። ከዚያ ካለፈ ደግሞ የጽጌ ጾም ይገባል፤ እናቴ የጽጌን ጾም አትተውም፤ ሰው ቤት ሄዳ የቀረበላትን እርጎ ስትመልስ ማየት አልፈለግሁም። ሥጋ ከነጭራሹ አይታሰብም። ሽማግሌው እስላም፣ እኛ ክርስቲያን፤ አንዳችን ያረድነውን ሌላው አይበላም። ወተትና ገብስ ግን ሃይማኖት የላቸውም። ዳቦው ከእኛ፣ እርጎና ጭኮ ከእነሱ ሆነ። ጭኮ የተቆላ የገብስ ዱቄት በንጥር ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ ነው፤ አንድ ጭብጥ የቀመሰ ሰው እስከ ማታ እህል አያምረውም።

ሱቁን ማን ይጠብቅ? ጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ሚስት። እሷን ለማስማማት ሦስት ቀን በጓሮ በር ተመላለስኩ፤ እናቴ ብቅ ባለች ቁጥር ሁለታችንም ጸጥ እንላለን። በቅሎስ? የእድራችን ዳኛ አንዲት ለስላሳ በቅሎ ነበረቻቸው። ሄጄ «እናቴን ቅዳሜ ወደ ጭላሎ ልወስዳት ነው፤ እባክዎን ለእሷ እንዳይነግሯት» አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ።

«እግዜር ይርዳሽ ልጄ፤ ብርታቱን ይስጥሽ» አሉኝ።

በቅሎ ለመዋስ ይህን ያህል ምርቃት ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። ደግ ሰው ናቸው ብዬ አለፍኩት።

አሁን ሳስበው፣ ነገሩ ከእኔ በቀር ለሁሉም ግልጽ ነበር። በእኛ ልማድ መርዶ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት በሹክሹክታ ይመካከራል፣ ቀን ይቆርጣል፣ ሐዘንተኛውን በሆነ ሰበብ ከቤቱ አውጥቶ ሌላ ሰው ዘንድ ይወስደዋል፤ እዚያ ይነግረዋል። እኔ ሹክሹክታውንም፣ ቀን መቁረጡንም፣ የእድሩን ዳኛም አሟልቻለሁ። የጎደለኝ ሬሳ ብቻ ነበር።

በዚያ ላይ ለመስቀል ሄደው ከሌሎቹ ቀድመው የተመለሱት የአገሯ ሰዎች ስለ ወንድሟ ስትጠይቃቸው «ደህና ነው፣ ደህና ነው» ብለው ተጣድፈው አለፉ። የተጣደፉት ዝናብ ሳይመታቸው ጭነታቸውን ለማውረድ ነው። እናቴ ግን የእነሱን ጥድፊያና የእኔን ሹክሹክታ አንድ ላይ ገጠመችው።

ሐሙስ ሱቁን ዘግታ ስትገባ ጠብቄ ነገርኳት።

«እማዬ፣ ቅዳሜ ጭላሎ ደርሰን እንምጣ። እሑድ እንመለሳለን።»

ሙግት ጠብቄ ነበር፤ መልሶቼን ሁሉ በደብተር ጽፌ አጥንቻለሁ። እሷ ግን ቆማ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«ማን ዘንድ ነው የምናድረው?»

«ገብስ የሚያመጡልን ሽማግሌ ዘንድ።»

«ሱቁስ?»

«የልብስ ሰፊው ሚስት ትጠብቅልናለች።»

«ተነጋግራችሁ ጨርሳችኋላ።»

«ጨርሰናል።»

«እሺ» አለች። የሱቁን ቁልፍ ከመቀነቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችና ጓዳ ገባች። እኔ ከደስታዬ ብዛት ልዘል ምንም አልቀረኝም። አዳሪ ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ ለዚህ ነው፣ ሁሉ ነገር በዕቅድ ሲሆን እንዲህ ያምራል፣ እያልኩ ራሴን አመሰገንኩ።

ቅዳሜ ማለዳ ሽማግሌው መጡ። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ በቅሎዋ ላይ ወጣች፤ እኔና እሳቸው በእግር። የስንቁን ቅርጫት ራሷ ካልያዝኩ ብላ እፊቷ አስቀመጠችው። ባሕር ዛፉን አልፈን ሽቅብ ስንል ገብሱ ገና አረንጓዴ ነበር፤ በየድንበሩ አደይ አበባ ፈክቷል። አበባው ሳያልቅ አንድ ወንዝ ተሻገርን፤ ውኃው የክረምቱን ድፍርስ ጥሎ ከሥሩ ያለው ጠጠር ይቆጠር ነበር። ከዚያ በኋላ የኮሶ ዛፎች መጡ፤ ከፍ እያልን ስንሄድ ደግሞ ጠረኑ አፍንጫ የሚነካ አስታ የሚባል ቁጥቋጦ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ያዘው። እኔ እንደ አስጎብኚ ከፊት ከፊት እየሮጥኩ «እዪ እማዬ! ያንን እዪ!» እላለሁ።

«አየሁ» ትላለች። አንገቷን ግን ቀና አታደርግም።

ይህን ሁሉ ስደክም ከርሜ! ሽማግሌው ሳይቀሩ ግራ ገብቷቸው «በቅሎዋ መንገዱን እሷ ታያለች፤ አንቺ ተራራ እዪ እንጂ» አሏት። እናቴ ፈገግ ለማለት ሞከረችና ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ሳበችው። የደከማት መሰለኝ። ብቻ ተኮሳትሬ ወጣሁ።

ስንደርስ የሽማግሌው ባለቤት «ባጋ ነጋን ዱፍተን» እያሉ በሁለት እጃቸው ተቀበሉን፤ እንኳን ደህና መጣችሁ ማለታቸው ነው። ደጁ ሣር ላይ ቁርበት አነጠፉልን። ሰማዩ ወለል ብሎ ጠርቷል። ከታች የአሰላ ቆርቆሮዎች፣ ከዚያ ወዲያ ሜዳው፣ ከሜዳው መጨረሻ ዝዋይ፣ ከዝዋይ ማዶ ተራሮቹ። ጭኮውና እርጎው ቀረበ፤ እናቴ አልነካችም። መጀመሪያ ዳቦ ልቁረስና ከዚያ በወጉ ላሳያት ብዬ ቅርጫቱን ከፈትኩ። ከዳቦው ሥር ታጥፎ የተቀመጠ ጥቁር ቀሚስ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሐዘን ልብሴ ነው። አሁን ንገሪኝ ልጄ። እህል ሳልቀምስ ንገሪኝ። ወንድሜ ነው፣ አይደል?»

መልሴን ሳትጠብቅ እሷ ቀጠለች፤ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ፣ ሱቅ ውስጥ የዕቃ ዋጋ እንደምትናገር ሆና። አባቴ የሞተ ጊዜ አራስ እንጠይቅ ብለው ነው የወሰዷት። አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ እየሳቀች ገባች፤ መርዶውን በዚያ ልብስ ሰማች። የቤቱ ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሶ እሷ ብቻ በአበባ ቀሚስ መሬት ላይ ተንከባለለች።

«ሁለተኛ እንዲያ ሆኜ አልሰማም ብዬ ነው ልብሴን ይዤ የመጣሁት። እችለዋለሁ። ንገሪኝ» አለችኝ።

«ማንም አልሞተም እኮ!»

«ልጄ፣ አታድክሚኝ።»

ሽማግሌው «ወላሂ፣ እኔ የሰማሁት ሞት የለም» ብለው ማሉ። እናቴ በትሕትና ራሷን ነቀነቀችላቸው፤ ለእሳቸውም እንዳይናገሩ ተነግሯቸዋል ማለቷ ነው። ባለቤታቸው አማርኛ አይሰሙም ነበርና የእናቴን ፊት አይተው እንባቸው መጣ። በዚህ ጊዜ ፈራሁ። ቢቸግረኝ እጇን ያዝኩና፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ወጥቶኝ የማያውቅ መሐላ ማልኩ።

«አንቺን ይንሳኝ! አንቺን ይንሳኝ እማዬ፣ ስለ አጎቴ ክፉ ነገር አልሰማሁም። ያመጣሁሽ አገርሽን ከሩቅ ላሳይሽ ብዬ ነው። ያውልሽ፣ እዪው!»

በእሷ ራስ ስምል ሰምታኝ አታውቅም። ያን ጊዜ አመነች። ከዚያ በጡጫ ትከሻዬን መታችኝ፤ አሞኛል። «እኔ ሁለት ቀን ሙሉ በሆዴ ስቀብረው!» ብላ ጮኸች፤ አለቀሰች፤ ሳቀች፤ እንደገና መታችኝ። ሽማግሌው ነገሩን ለባለቤታቸው በኦሮምኛ ሲያስረዱ፣ ሴትየዋ እንባቸውን ሳይጠርጉ እየሳቁ የያዙትን እርጎ ደፉት። እናቴ ጭኮውን ሳበችና ሳትናገር እስከ መጨረሻው በላች። ሲያልቅ ጨምሩልኝ አለች።

ከዚያ ቀና ብላ ሐይቁን፣ ከሐይቁ ማዶ ያለውን ሰማያዊ ሰንሰለት አየች። የትኛው ተራራ የእነሱ እንደሆነ ስጠይቃት አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ታሳየኛለች፤ ከዚህ ርቀት ማንም ሊለይ አይችልም። እሷ ግን እስኪጨላልም ድረስ ስትለይ አመሸች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ደስ ብሎኛል፤ ጥፋቴንም ደስታዬንም አንድ ላይ ይዤ ቁጭ አልኩ።

ልንተኛ ስንል «መንገዱ ላይ ምን ምን ነበር?» አለችኝ።

አበባውን፣ ወንዙን፣ ኮሶውን፣ አስታውን ነገርኳት።

«አንዱንም አላየሁም። ስወጣ ሳለሁ እንዴት አድርጌ እንደማለቅስ ነበር የማስበው» አለች።

እሑድ ጠዋት ስነቃ መኝታዋ ባዶ ነው። ወጣሁ። የሽማግሌው ባለቤት እየሳቁ ቁልቁል በእጃቸው አሳዩኝ። ነጭ ቀሚሷ እታች አስታው መካከል ብቅ ጥልቅ እያለ ሲወርድ አየሁ። እየሮጥኩ ተከተልኳት፤ የደረስኩባት ወንዙ ዳር ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን ውኃው ውስጥ ነክራለች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?»

«ሽቅብ። ከዚህ ነው የምጀምረው።»

«በቅሎዋን እንኳ ሳትይዢ! ደግሞ ዛሬ መመለስ አለብን፤ ነገ ትምህርት አለኝ።»

«ይጠብቃ። የእኔ ሱቅ ይጠብቅ የለ?»

ተነሳችና ጀመረች። በበቅሎ ሁለት ሰዓት ያልፈጀውን መንገድ ግማሽ ቀን ወጣችው። ኮሶው ሥር ቆማ ግንዱን በመዳፏ ዳሰሰች። አስታውን ቀንጥሳ አሸተተችና አስነጠሳት። አደይ አበባ መካከል ገብታ አንዲቱን ለመቅጠፍ ጎንበስ ካለች በኋላ ተወቻት። የማታውቀውን ሁሉ ስሙ ማነው ትለኛለች፤ እኔም ግማሹን አላውቅም፤ ተማሪዎችሽን ምን ታስተምሪያቸዋለሽ ብላ ተሳለቀችብኝ። ትንፋሽ ሲያጥራት ትቀመጣለች፤ ልደግፍሽ ስላት እጄን ትገፋዋለች። እኔም ስለ ሰኞ ማሰቤን ተውኩት።

ደጁ ላይ ስንደርስ ፀሐይ አናታችን ላይ ነበረች። ሽማግሌውና ባለቤታቸው ቆመው ይጠብቁን ነበር። እናቴ ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ ትከሻዋ ላይ ጣለችው፤ ላቧን በጫፉ ጠረገች፤ ወደ ሐይቁ ዞረች።

«አሁን ገና መጣሁ» አለች።