ሊፍቱ ደጃፍ ላይ የሚያልቀው ስብሰባ

መቼ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ትራም ላይ ማስክ ማድረግ ከቀረ በኋላ ነው፤ ጉልበቴ ግን ገና ደረጃ ያስወጣኝ ነበር። እንግዲህ በዚያ መሃል የሆነ ጊዜ ነው። ዓመቱን የሚያውቅ ካለ ያርመኝ፣ ቅር አይለኝም።

ያን ጊዜ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ኮሊንግዉድ የሚባል ሰፈር ካሉት ረጃጅም ፎቆች በአንዱ የእድራችን ሰብሳቢ ነበርኩ። ምድር ቤቱ ላይ የምንጠቀምባት አንዲት ሰፊ ክፍል አለች። ሰው ሲሞትብን ለቅሶ የምንቀመጠው እዚያ ነው፤ የየራሳችን ቤትማ አሥር ሰው ከገባበት አሥራ አንደኛው ኮሪደር ላይ ነው የሚቆመው። ባለቤቴን ያለቀስኩትም እዚያችው ክፍል ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ክፍሏን ከሚፈቅድልን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ከኮሚቴያችሁ ቢያንስ አንድ ሰው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት እንዴት እንደሚመራ ተምሮ ሰርተፊኬት ይያዝ፣ አለበለዚያ ክፍሏ ለሌላ ማኅበር ትሰጣለች ይላል። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ጸሐፊያችን ታክሲ ይነዳል። ሌሎቹ ሺፍት አለባቸው። ሁሉም ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው?» አልኩ። «ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው እኮ ነኝ።»

«ቢሆንም ጋሼ፣ ጊዜ ያለዎት እርስዎ ነዎት» አለ ጸሐፊው።

እውነቱን ነው። ያራቪል ሰፈር ካለው ፋብሪካ ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ ያለኝ ነገር ጊዜ ብቻ ነበር።

ሰርተፊኬቱ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ነውና፣ እንዲህ ሆኖ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። ሳምንት በሳምንት ማክሰኞ ጠዋት። ክፍሉ ውስጥ እንደ እኔ ለሰርተፊኬት የመጣን ሦስት ወይ አራት ሰዎች ነን፤ የቀሩት የዲግሪ ተማሪዎች ናቸው። ነርስነት የሚማር አለ፣ ምህንድስና የሚማር አለ፣ ከዋናው ትምህርታቸው ጎን ይሄንን እንደ ተጨማሪ ይዘውታል። ማይነር ይሉታል። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ የመጀመሪያው ቀን ላይ፣ «የእኔ ዋናው ትምህርት ሙዚቃ ነው፣ ያንተስ?» አለችኝ።

«እድር» አልኳት።

ምን እንደሆነ ሳስረዳት ማክሰኞው አለቀ። በሚቀጥለው ሳምንት ለጓደኞቿ እሷው ስታስረዳ ሰማኋት፤ ከእኔ ይልቅ አሳምራ ነበር የተናገረችው።

ትምህርቱ እንደፈራሁት አልነበረም። እንግሊዝኛውን ከፋብሪካ ጀምሮ እሰማዋለሁ፣ መጻፉ ነው የሚያስቸግረኝ። ድርጅቱ ለምን ቆመ፣ ኮሚቴ እንዴት ይመረጣል፣ አጀንዳ እንዴት ይያዛል፣ አንዱ ሐሳብ ሲያቀርብ ሌላው እንዴት ይደግፋል፤ ብዙው ስንሠራው የኖርነው ነገር ነው። እነሱ ስም አውጥተውለታል። የመጨረሻው ፈተና ግን የራስን ማኅበር ስብሰባ መምራት ሆነ። አስተማሪዋ ራሷ መጥታ ታያለች፣ ቃለ ጉባኤውን ጸሐፊያችን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ይሰጣታል። ካለፍኩ ክፍሏ የእኛ ናት። ከወደቅኩ የለችም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ተሰበሰብን። አጀንዳው አንድ ነው፦ ከከተማው ዳር፣ ዋይንድሃም ቬል ቤት የገቡት አባሎች የእሁድ መንገድ በዛብን ስላሉ ወርኃዊ ስብሰባችን ወደ ቅዳሜ ይዛወር የሚል። ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔው ነኝ። አስተማሪዋ ከኋላ ተቀምጣለች፣ ጸሐፊው በጆሮዋ እየተረጎመላት ነው።

«የሚደግፍ?» ስል እጅ ሁሉ ወጣ።

«የሚቃወም?» አንድ ሰው ከመሳሉ በቀር ጸጥ።

በሙሉ ድምፅ ብዬ ጻፍኩ። ሻይ እንኳ ሳይቀዘቅዝ ጨረስን። አስተማሪዋ ፈገግ ብላ ወጣች፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

እዚህ ላይ ስለ ስብሰባችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ክፍሏ ውስጥ ይከፈታል እንጂ እዚያ አያልቅም። ሰብሳቢን፣ ያውም ሽማግሌ፣ በሰው ፊት መቃወም ነውር ነው። የልብ የሚወራው ሊፍት ስንጠብቅ ነው። ያን ቀን ደግሞ አንደኛው ሊፍት ተበላሽቷል። ውጭ ዝናቡ ወርዶ አስተማሪዋም በሩ ላይ ቆማ ቀርታለች።

«የምን ቅዳሜ ነው?» አሉ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ። በዕድሜ እኩያዬ ናቸው፣ ክፍሏን ሲያፀዱ መስኮቱ ይከፈት አይከፈት ስንባባል ዓመታት አልፈዋል። «ቅዳሜ ልጄ ሥራ ትገባለች። ሦስቱን የልጅ ልጆቼን ማን ይይዝልኛል? እርስዎ ይይዙልኛል ጋሼ?»

«አሁን እጅዎን አላወጡም እንዴ?»

«አወጣኋ! በፈረንጅ ፊት ላዋርድዎት ኖሯል?»

«እኔም ብሆን እሁድ ይሻለኛል» አለ ከዋይንድሃም ቬል የመጣ ሰውዬ። «ለቅዳሴ መምጣቴ አይቀር። ቅዳሜ ደግሞ ያን ሁሉ መንገድ እንደገና?»

«እናንተ አይደላችሁ እንዴ የጠየቃችሁት?»

«ሌሎቹ ናቸው።»

ሁሉም ባንድ ጊዜ ይናገር ጀመር። አስተማሪዋ ምን እያሉ ነው ብላ ጸሐፊውን ጠየቀችው። እሱ መዋሸት የማይችል ሰው ነው፣ ሁሉንም ነገራት።

ወደ እኔ መጣች። «ወረቀቱ ሁሉም ደግፏል ይላል። ይሄ ታዲያ ምንድን ነው?»

«ይሄም ስብሰባው ነው» አልኳት።

ሳቀች። ግን በዚህ ላሳልፍህ አልችልም አለች፤ ወረቀቱ ሰዎቹ የሚያስቡትን መያዝ አለበት። አንድ ዕድል ሰጠችኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ትመለሳለች፣ እስከዚያ እዚህ ያሉትን እዚያ ውስጥ እንዲሉት አድርግ አለችኝ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚቃወመኝ ሰው እየለመንኩ ከረምኩ። የስድሳ ዓመት ሰው፣ «ጋሼ ይተዉኝ፣ እናቴ ብትሰማ ምን ትለኛለች?» አለኝ። ለሌላው ስልክ ደወልኩ። «ተቃወሙኝ ነው የሚሉት? ደህና ነዎት ግን?» አለና በማግስቱ ከነሚስቱ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቀኝ መጣ። ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ቡክ እናድርግልዎት ወይ አሉኝ። ሳቅኩላቸው፤ እነሱ ሲወጡ ግን ብርቱካኑን ሳልልጥ ተቀመጥኩ። ያቺ ክፍል በእኔ እጅ ልትሄድ ነው። ባለቤቴ የሞተች ሰሞን ከጎኔ ማን ማን እንደተቀመጠ፣ የትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አሁንም አልረሳሁም።

ቀኑ ደረሰ፤ አስተማሪዋም እንደ በፊቱ ከኋላ ተቀመጠች። ያንኑ ሐሳብ አቀረብኩ። «የሚደግፍ?» ስል እጅ መውጣት ጀመረ፣ እንደ ድሮው።

«ቆይ» አልኩ። «መጀመሪያ የሚቃወም?»

የወጡት እጆች ወረዱ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። ከዚያ ወንበር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ብድግ አሉ።

«ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርዎት። አከብርዎታለሁ። ሐሳብዎ ግን የማይሆን ነው።»

ሰዉ ሁሉ ጣራው የሚወድቅ ይመስል ቀና አለ። እኔ ሰብሳቢነቴን ረስቼ «እሰይ!» ብዬ ጮህኩ።

እትዬ ገና አልጨረሱም ነበር። ስለ ቅዳሜው፣ ስለ ልጃቸው ሺፍት፣ ስለ ልጆቹ ነገሩን። ከዚያ የዋይንድሃም ቬሉ ሰውዬ እጁን አወጣ፣ ቀጥሎ ብርቱካን ያመጣልኝ ሰው፣ እየጨመረ ሄደ። ሐሳቤን የደገፉት ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ እኔ ነኝ። በሕይወቴ ተሸንፌ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ስንወጣ ሊፍቱ ደጃፍ ላይ ዝም ዝም ሆነ።

«አሁን ታዲያ እዚህ ምን እናውራ?» አሉ እትዬ።

ሰርተፊኬቱ ዛሬ ክፍሏ ውስጥ፣ ከሻይ ማፍያው በላይ ተሰቅሏል። እሁድ እሁድ እንሰበሰባለን፣ ለቅሶም እዚያው እንቀመጣለን። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ስለሆነ፣ አዲስ የመጣ ሰው፣ «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜ እንዴት አድርገው አለፉ?» ይለኛል። አስተማሪዋ ደክማልኛለች፣ ጸሐፊውም እንደዚሁ። ያሳለፉኝ ግን እኚያ መስኮቱ ሥር የተቀመጡት፣ የአሥራ ሁለተኛ ፎቅ እትዬ ናቸው።